አጥፋትና እንደገና አስነሳት
አየር ጤና አካባቢ መንዳት የማይችል ሰው ሞልቷል፤ የመኪና በሽታ የማያውቅ ግን አይገኝም። ጎረቤቴን ጋሽ ወልዴን ውሰዱ፤ መሪ ጨብጠው አያውቁም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጄን ለፈተና ላደርስ ስጣደፍ፣ አሮጌዋ መኪናዬ በስንት ልመና ተነሳች። ጋሽ ወልዴ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጥፈው፣

«ለምን እንደዘገየች ሳናውቅማ አትሄድም! አጥፋትና እንደገና አስነሳት» አሉኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? አጠፋኋት። ከዚያ ወዲያ እምቢ አለች።

«አላልኩህም? ባትሪ ነው!» አሉ በኩራት።

«አባዬ፣ ፈተናው!» አለች ልጄ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ጋሽ ወልዴ ኮታቸውን አውልቀው ሰፈርተኛውን ጠሩ። ቁልቁለቱን ሲገፉልን መኪናዋ ተነሳች፤ ልጄም በሰዓቱ ገባች።

ስመለስ እዚያው ቆመው ይጠብቁኛል።

«ደረሰች?»

«ደርሳለች፣ ጋሼ።»

«ጎሽ! በል አሁን አጥፋትና እንደገና አስነሳት፤ ስትነሳ ድምጿን በደንብ ልስማው።»

አጠፋኋት።