የስልሳ አንድ ዓመቱ የወንድም ልጅና የአጎቱ ማይል

የቤተሰብ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ወሩ በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን
ሰዓት፦ የተጠራው ለዘጠኝ ሰዓት፤ የተጀመረው ዘጠኝ ተኩል አልፎ
ቦታ፦ የመካከለኛው ወንድም ሳሎን (የታላቁ ወንድም ሳሎን በባልዲና በጀሪካን ስለተያዘ)

የተገኙ፦
1. የቤቱ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፤ ሰብሳቢ
2. መካከለኛው ወንድም፣ የአሳንሰር ጠጋኝ፣ የማይሉ ባለቤት (ከዚህ በኋላ «ተጓዡ» እየተባሉ ይጠራሉ)
3. ታናሽ እህት፣ ፋርማሲስት፤ አባል
4. የታናሽ እህት ባል፣ ደላላ፤ አባል
5. የሰብሳቢው ምራት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ጸሐፊ። ድምፅ የላትም፤ ጆሮ አላት።

በታዛቢነት፦ የውኃ ታንከር ነጋዴ፣ የደላላው እንግዳ
ሻይ በማቅረብ፦ እትዬ፣ የተጓዡ ባለቤት። አባል አይደሉም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሦስት አባላት ይበቃሉ፤ አራት ተገኝተዋል። ተጓዡ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለተቀመጡ ይቆጠራሉ ወይ የሚል ጥያቄ ከፋርማሲስቷ ቀርቦ ነበር። ተጓዡ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ነቅቻለሁ» በማለታቸው ተቆጥረዋል። ከጉዞ የተመለሱት በዚያው ዕለት ጠዋት ሲሆን፣ የወንበሩን መደገፊያ ወደ ኋላ ለማስተኛት ሦስት ጊዜ ሞክረው የእንጨት ወንበር መሆኑ ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ማይሉና ስለ ታንከሩ

ሰብሳቢው ጉዳዩን አስረዱ። ተጓዡ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት አሳንሰር ለመጠገን ከአገር አገር ሲበሩ፣ አየር መንገዱ የበረሩበትን ርቀት እየቆጠረ ማይል ሲያጠራቅምላቸው ኖሯል። የተጠራቀመው ማይል አንድን ሰው ባሕር ማዶ አድርሶ የሚመልስ ነጻ ትኬት ያወጣል። ይሁን እንጂ ወሩ ሲያልቅ ይቃጠላል፤ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። በሌላ በኩል ወንድማማቾቹና እህታቸው በጋራ የሚኖሩበት ግቢ ታንከር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሰብሳቢው ገላቸውን ከታጠቡ ስንት ቀን እንደሆናቸው በጣታቸው ቆጥረው አሳይተዋል። ከጎናቸው የነበሩት አባል ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገዋል።

ደላላው መፍትሔ ይዘው መምጣታቸውን ገለጹ። እንግዳቸው ነጋዴው ባሕር ማዶ ሄደው የታንከር ፋብሪካ ማየት ይፈልጋሉ፤ ታንከር አላቸው፣ ትኬት የላቸውም። ቤተሰቡ ደግሞ ትኬት አለው፣ ታንከር የለውም። እግዚአብሔር ሁለቱን ያገናኘው በእርሳቸው በኩል መሆኑን ጠቅሰው፣ ነገሩ መተሳሰብ እንጂ ሽያጭ እንዳልሆነ አስረድተዋል።

በዚህ መሀል እትዬ ሻይ እየቀዱ፣ ባሕር ማዶ ያለች ታላቅ እህታቸው በሚቀጥለው ወር ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና እንደምታደርግ፣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው እንደሌላት፣ ከተያዩም አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፋቸው ተናገሩ። ንግግሩ ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ ውይይት አልተደረገበትም። ጸሐፊዋ ግን መዝግባዋለች፤ መዝገብ ቤት የሠራን ሰው አመሉ አይለቀውም።

አጀንዳ 2፦ ስለ አደጋው

ፋርማሲስቷ የአየር መንገዱን ደንብ በወረቀት አውጥተው ስለመጡ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ማይልን በገንዘብም ሆነ በዓይነት መሸጥ፣ መለወጥ፣ ወይም በደላላ አማካይነት ማስተላለፍ ክልክል ነው። ደላላው፣ የስንቱን ቤት ያቆመ ሙያ እንዲህ በደንብ ላይ ተጽፎ መነቀፉ ቅር እንዳሰኛቸው እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ተይዟል። ፋርማሲስቷ ቀጠሉ። ሲሸጥ የተገኘ ሰው ማይሉ በሙሉ ይሰረዛል፣ የደንበኝነት መዝገቡ ይዘጋል፣ የወጣው ትኬት ይሻራል፤ ተሳፋሪው አስቀድሞ ሄዶ ከሆነ መመለሻው ይቀራል። ይህን ያህል የጎንዮሽ ጉዳት ያለውን መድኃኒት እርሳቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደማይሸጡ ገልጸው ወረቀቱን አጣጠፉት።

ነጋዴው እጃቸውን አውጥተው፣ ትኬቱ አየር ላይ እያሉ ቢሰረዝ ያወርዷቸው እንደሆነ ጠየቁ። ተጓዡ ነቅተው ከሙያቸው አንጻር መለሱ፦ አሳንሰር ሁለት ፎቅ መሀል ቢቆም በሩ ተፈልቅቆ ሰው ይወጣል፤ አውሮፕላን ላይ ይህን አይመክሩም። ነጋዴው አመስግነው ሻያቸውን አስቀመጡ።

ደላላው ደንቡን ተቀብለው ሲያገላብጡ፣ ማይልን ለዘመድ በስጦታ መስጠት እንደሚቻል አገኙ። ስለዚህ የሚቀረው ነጋዴውን ዘመድ ማድረግ ብቻ ነው። አማች ይሁኑ፣ የአክስት ልጅ ይሁኑ፣ የጡት ልጅ ይሁኑ በሚለው ላይ ከረጅም ውይይት በኋላ የተጓዡ የወንድም ልጅ እንዲሆኑ በሦስት ድምፅ ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። የተቃወሙት ፋርማሲስቷ ናቸው።

እርሳቸውም ወዲያው የዕድሜ ጥያቄ አነሱ። አጎትየው ሃምሳ ሰባት፣ የወንድም ልጅ የተባሉት ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ከዚህም በላይ ተጓዡ አንድ ወንድም ብቻ ስላላቸው፣ የነጋዴው አባት ሊሆኑ የሚችሉት የስልሳ ስምንት ዓመቱ ሰብሳቢ ብቻ ናቸው። ሰብሳቢው በብስኩት መጠቅለያ ላይ ቀንሰው፣ ልጃቸውን የወለዱት በሰባት ዓመታቸው መሆኑን ደረሱበት። ቅነሳው ልክ መሆኑን ደግመው አረጋገጡ፤ በልጅነታቸውም ረጋ ያሉና ኃላፊነት የሚሰማቸው እንደነበሩ እንዲመዘገብላቸው አሳሰቡ። ነጋዴው «አባዬ» ብለው እጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ወገባቸውን ያዛቸው። አባትየው ልጃቸውን ደግፈው አስቀመጡ።

ጸሐፊዋ ከስብሰባው በኋላ ለባሏ ታላቅ ወንድም ማግኘቱን በአግባቡ እንድትነግረው ታዛለች።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጥናቱ

ደላላው የአንድ ጓደኛቸውን ታሪክ አቀረቡ። ሰውየው በተገዛ ማይል ሊሄድ ሲል አየር ማረፊያው መስኮት ላይ «ትኬቱን የሰጡህ አጎትህ ሥራቸው ምንድነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «ጥሩ ሰው ናቸው» ብሎ መልሶ፣ ሻንጣውን እየጎተተ ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ ነጋዴው ዘመዶቻቸውን እንዲያጠኑ ተወሰነ፤ ፈተናውንም ሰብሳቢው እንደ ቀድሞ ሥራቸው ቆመው ሰጡ።

አጎትህ ምን ይሠራሉ ለሚለው፣ አሳንሰር ይጠግናሉ ተብሎ በትክክል ተመልሷል። ያንኮራፋሉ ወይ ለሚለው ሁሉም ወደ ተጓዡ ዞረው ካዳመጡ በኋላ መልሱ አያስፈልግም ተባለ። አጎትህ ካገቡ ስንት ዓመታቸው ነው ሲባል ነጋዴው አላወቁም። ሰብሳቢውም አላወቁም። ተጓዡ ተቀስቅሰው ሲጠየቁ ጣሪያውን አይተው «ሃያ ምናምን» አሉ። ከማዕድ ቤቱ በር ላይ «ሠላሳ አንድ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ነጋዴው በማስታወሻቸው ጻፉት። ተጓዡ አልጻፉም።

ፈተናውን ያለፉት ነጋዴ አንድ ሐሳብ አላቸው ተብሎ ዕድል ተሰጣቸው። ዘመድ ከሆኑ ዘንድ በዘመድ መሀል መገበያየት ነውር መሆኑን፣ ስለዚህ ትኬቱን እንደ ስጦታ በደስታ እንደሚቀበሉ ገለጹ። ታንከሩስ ተብለው ሲጠየቁ፣ አባት ልጁን እንደማይጠራጠር በማስታወስ ሌላ ብስኩት አነሱ። ደላላው ፊታቸው ተለዋውጦ፣ በሃያ ዓመት የድለላ ሥራቸው ገዢና ሻጭ ሲጣሉ እንጂ ሲዋለዱ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ረጅም ውይይት ተደረገ። ታንከሩ ልጅ ለአባቱ የሚያበረክተው ስጦታ እንዲባል፣ ሆኖም ስጦታው ከትኬቱ በፊት ግቢ እንዲገባ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ስለ ምዝገባው

ትኬት ከመውጣቱ በፊት የነጋዴው ስም በተጓዡ የተጠቃሚ ዘመዶች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ዝርዝሩ የሚይዘው አምስት ሰው ብቻ ነው። ፋርማሲስቷ ከወንድማቸው ስልክ ላይ ከፍተው ቢያዩት ሞልቶ ተገኘ። አንዱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያረፉ አጎት በመሆናቸው ቦታቸው ለነጋዴው እንዲለቀቅ ሐሳብ ቀረበ። ሟቹ ተቃውሞ ባለማቅረባቸው እንደተስማሙ ተቆጥሮ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወደ አየር መንገዱ ተደወለ፤ ድምፁም ሁሉም እንዲሰማው ተደረገ። ስልኩን ያነሱት ሠራተኛ በትሕትና የሟቹን ስም አንስተው ነፍስ ይማር አሉ፤ ከዚያም አዲሱ ተጠቃሚ ለተጓዡ ምን እንደሆኑ ጠየቁ። ደላላው «የወንድም ልጅ»፣ ሰብሳቢው «ልጄ»፣ ፋርማሲስቷ «እኔን አትጠይቁኝ» አሉ። ነጋዴው ሁሉንም እንደሆኑ ጮክ ብለው አረጋገጡ። ዕድሜ ተጠይቆ ስልሳ አንድ ተባለ። ሠራተኛዋ ዕድሜውን ደግመው አስነገሩ። ከዚያም ማይል ሸጦ መገኘት የሚያስከትለውን ቅጣት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ፤ ለማንም ብለው ሳይሆን ደንብ ስለሆነ መሆኑን ገለጹ። አንድ ስም ከተመዘገበ ለአንድ ዓመት እንደማይቀየር አክለው፣ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቁ።

ሰብሳቢው ለጥንቃቄ አምስቱ ስሞች ይነበቡ አሉ። ተነበቡ፦ ሰብሳቢው ራሳቸው፣ ፋርማሲስቷ፣ ደላላው፣ የሰብሳቢው ልጅ (የጸሐፊዋ ባል)፣ በሟቹ ቦታ ነጋዴው።

እትዬ በዚህ ጊዜ ባዶ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰቡ ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተጓዡን ጠየቁ።

«የኔስ ስም?»

ተጓዡ አምስቱን ስሞች በጣታቸው እየቆጠሩ ደጋገሙ። ጸሐፊዋ ሰዓት ይዛለች፤ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። ተጓዡ ሙሉ በሙሉ ነቅተው፣ ዝርዝሩን የሞሉት ድሮ በጥድፊያ እንደሆነ፣ ሚስታቸውም አውሮፕላን ይፈራሉ ብለው እንዳሰቡ አስረዱ።

«ማን ጠይቆኝ?» አሉ እትዬ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሻንጣህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሻንጣህ ስንት አገር አይቷል፤ እኔ የማውቀው እጀታውን ነው። የሞተ አጎትህን ጽፈህ፣ የታንከር ነጋዴ ልትጽፍ ቤት ሙሉ ሰው ሰብስበህ፣ እኔ ሻይ ልቅዳ?»

ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ብዕሯን ማስቀመጧን ትመዘግባለች። አፍራለች፤ ያንን ሻይ እሷም ሁለት ጊዜ አስደግማለች።

ቀድመው የተነሡት ነጋዴው ናቸው። ወገባቸውን ይዘው ቆመው፣ እንደ ቤተሰቡ አባል ሐሳብ የማቅረብ መብት ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ አላቸው ተባለ። ከዘመድነታቸው በገዛ ፈቃዳቸው መልቀቃቸውን፣ ቦታቸውም ለአጎታቸው ሚስት እንዲሰጥ አመለከቱ። ፋርማሲስቷ ቀልጠፍ ብለው ደገፉ። ደላላው ኮሚሽናቸውን በሆዳቸው ቀብረው እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢውም አወጡ።

ሠራተኛዋ አሁንም መስመር ላይ ነበሩ። እስካሁን ምንም እንዳላጸደቁ ገልጸው የማን ስም እንደሚጻፍ ጠየቁ። ተነገራቸው። «ምንዎ ናቸው?» አሉ። በዚህ ጊዜ ማንም አልተሻማም፤ ሁሉም ተጓዡን አየ።

«ባለቤቴ ናት» አሉ ተጓዡ። ቀጥለውም «ከተጋባን ሠላሳ አንድ ዓመታችን» ብለው ጨመሩ።

ሠራተኛዋ በዕለቱ ያለ ጭቅጭቅ የተመለሰላቸው የመጀመሪያው ጥያቄ መሆኑን ጠቅሰው አመሰገኑ፤ መዘገቡም።

ማጠቃለያ ውሳኔ

በዚህ ስብሰባ ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 4 የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ነጋዴው ከዛሬ ጀምሮ የማንም የወንድም ልጅ አይደሉም። ሰብሳቢው በሰባት ዓመታቸው አልወለዱም፤ ይህ ሲነበብ ጥቂት አዝነው ታይተዋል። የሟቹ አጎት ስም መሰረዙና የእትዬ ስም መግባቱ ብቻ እንደጸኑ ይቆያሉ። ማይሉ አልተሸጠም፣ አልተለወጠም፤ በእትዬ ስም የደርሶ መልስ ትኬት ወጥቶበታል። ነጋዴው ታንከሩን ማክሰኞ እንደሚያመጡ ቃል ገብተዋል፤ ዘመድ ስላልሆኑ ግን በገበያው ዋጋ ነው።

የመሄጃው ቀን የእህትየው ቀዶ ሕክምና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው እንዲሆን ተይዟል። የመመለሻው ቀን በእትዬ ጥያቄ ክፍት ሆኗል። ተጓዡ ይህ ስህተት እንዳይሆን መልሰው ደውለው ጠይቀዋል፤ ስህተት እንዳልሆነ ተነግሯቸዋል።

ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘግቷል። ብርጭቆዎቹን ያጠቡት ተጓዡ ሲሆኑ፣ ውኃውን ከሰብሳቢው ሳሎን በባልዲ ቀድተው ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

ጸሐፊ (ፊርማ)