ካርድዎ ተይዟል

በአገራችን እንደ ገንዘብ ማሽን ሰው አክባሪ አላየሁም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አንተ ልጅ» እያለ ያሳደገኝ እኔ፣ ማሽኑ ፊት ስቆም ወዲያው «እርስዎ» እሆናለሁ። እንኳን ደህና መጡ ይለኛል፤ ካርድዎን ያስገቡ ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንዳንድ ቀን ብር ሳያምረኝ ለአክብሮቱ ብቻ ጎራ ማለት ያምረኛል። ችግሩ፣ መርዶም ሲያረዳ በዚያው አክብሮት መሆኑ ነው።

ነገሩ የሆነው ሚዛን ተፈሪ ነው። በዚያን ጊዜ ህንድ አገር ተልኬ እማር ነበር። ለእረፍት መጥቼ እናቴ ቤት ስሰነብት ሀብቴ ኪሴ ውስጥ ያለች አንዲት የህንድ ባንክ ካርድ ናት። ለእማዬ ጎረቤቶች ውጭ አገር ሁሉ አንድ ነው፤ «ውጭ ነው ያለው» ከተባለ አለቀ፣ ሀብታም ነህ። ወር እስከ ወር ምስርና ሩዝ እየበላሁ እንደምማር ማን ይነግራቸዋል? እኔማ አልነግራቸውም። ቀለቤም የቤት ኪራዬም የሚገባው በዚያች ካርድ ነው። እሷ ከጠፋች ህንድ ተመልሼ ጦሜን ላድር ነው።

አውቶቡሱ ቅዳሜ ማለዳ ስለሚነሳ፣ አርብ ከሰዓት የመንገድ ብር ላወጣ ወደ ባንክ ወረድኩ። ለምን እስከ መጨረሻዋ ቀን ቆየህ የምትሉኝ ሚዛንን አታውቋትም። እዚያ አገር ዝናቡ ራሱ አይቸኩልም። ያን ዕለት ደመናው ተራራውን ትቶ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል፤ ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ከጉሙ ብቅ ይሉና መልሰው ይሰወራሉ። ከአንዱ መጋዘን በረንዳ ላይ የእርጥብ ቡና ሽታ ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቀን ሰው የሚሄደው እግሩ ወደመራው እንጂ ወደ ጉዳዩ አይደለም። እኔም ባንኩ ጋ የደረስኩት እንደ ዕድል ነው።

ካርዷን አስገባሁ። ማሽኑ «እባክዎ ይጠብቁ» አለኝ። «እባክዎ» ተብሎ የተለመነ ሰው ጥሎ ይሄዳል? ቆምኩ። ቆሜም ጥያቄዬን በሐሳብ ሸኘኋት። ከሚዛን ተነስታ በጫካው መሃል ቦንጋን አለፈች፣ ጅማ ላይ ትንሽ አረፈች፣ አዲስ አበባ ደረሰች፣ ባሕሩን ተሻገረች፤ ከዚያ ህንድ አገር አንድ ጠረጴዛ ፊት ቆማ «ያ የሚዛኑ ልጅ ልኮኝ ነው» አለች። እዚያ ያለው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ «ሚዛን የት ነው?» ይላታል። ቡና ያለበት ነው፣ ጉም ያለበት ነው፣ እናቱ ያለችበት ነው ትለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ሆኜ ስቀር፣ የማሽኑ መስኮት ብልጭ አለና «ካርድዎ ተይዟል፤ ባንክዎን ያነጋግሩ» አለኝ።

ባንኬን? ባንኬ እኮ ባሕር ማዶ ነው!

ገብቼ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ክራቫቱን ጥብቅ አድርጎ ያሰረ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። በጣም አዘነልኝ፤ ማሽን የያዘው የውጭ ካርድ ግን ሰኞ ተጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ እንደሚላክና መመሪያው እንዲህ እንደሆነ አስረዳኝ። ቢያንስ የራሴ መሆኗን ላሳየው ብዬ እማዬ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ባንክ ነኝ፤ ካርዴ ተይዟል፤ ፓስፖርቴን ይዘሽልኝ ነይ» ነው ያልኩት። ኔትወርኩ ግን የራሱን ድርሻ ቆርጦ አስቀረ። ለእማዬ የደረሳት «ባንክ… ተይዟል… ፓስፖርት» ብቻ ነው። እስቲ እነዚህን ቃላት ለየትኛዋም እናት ስጧትና ምን እንደምትሠራ እዩ!

በእኛ ዘንድ ሰው ተያዘ ከተባለ ቀጥሎ የሚፈለገው ዋስ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ዋስ ማለት ጋሽ በድሉ ናቸው። ጋሽ በድሉ ድሮ ቡና ይነግዱ ነበር፤ ካረጁ ወዲህ ሥራቸው ሰው ማስፈታት ሆኗል። ተደባድቦ የተያዘ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ ሞተር የነዳ፣ የሰው ፍየል «ተከትላኝ መጣች» ያለ፣ ሁሉም በእሳቸው ዋስትና ወጥቷል። ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የምትለበስ ጋቢ አለቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ባጃጅ ጉሙን ሰንጥቃ መጣች። እማዬ ነጠላዋ ተንጠልጥሎ፣ ፓስፖርቴን ደረቷ ላይ ይዛ ወረደች፤ ጋሽ በድሉ በጋቢያቸው ተከተሉ። እማዬ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን እየዳበሰች ተመትቼ እንደሆነ ፈተሸች። ጋሽ በድሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው ልጁ በምን ወንጀል እንደተያዘ ጠየቁ። ሰውዬው የተያዘው ልጁ ሳይሆን ካርዱ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፈርኩ። እሳቸው ግን፣ «ታዲያ እሷስ ብትሆን ዋስ የላትም?» አሉ።

ካርድ በዋስ እንደማይለቀቅ ነገራቸው። ጋሽ በድሉ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። አባቱ የማሻ ሰው ሆነው ተገኙ። ያን ጊዜ ጋሽ በድሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «አባትህ በእንጨት ጉዳይ የተያዘ ጊዜ፣ በዝናብ ማሻ ድረስ ሄዶ ዋስ የሆነው ማን ይመስልሃል ልጄ?» አሉት። ወጣቱ ክራቫቱን አላላ። ፓስፖርቴን አገላብጦ አየ፣ ፊቴን አየ፣ መመሪያውን በሆዱ ተሰናበተና ቁልፉን አንስቶ ሄደ።

ካርዷ ስትወጣ ጋሽ በድሉ ተቀብለው ፊትና ጀርባዋን አዩ። «ብትጠፋ እኔን ጠይቁኝ» አሉና ሰጡኝ። ማሽኑን ዳግመኛ ለመጠየቅ አልደፈርኩም፤ የመንገዱ ብር ከእማዬ መቀነት ወጣ። የእማዬ መቀነት ኔትወርክ አይፈልግም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ህንድ ከተመለስኩ በኋላ፣ አንድ የሙቀት ቀን፣ የገዛ ባንኬ ማሽን ያችኑ ካርድ ዋጣት። ያኛው ማሽን እርስዎም አንተም አያውቅም። ባንኩ ተዘግቷል፤ በር ላይ ያለው ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነው፤ በእጁ ምልክት ሰኞ ና አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኬን አውጥቼ እማዬ ጋ ደወልኩ፤ «እማዬ፣ ካርዴ ተይዟል» አልኳት። ወዲያው ስልኩን ለጋሽ በድሉ አቀበለቻቸው፤ ለካ እኛ ቤት ነበሩ። ባጃጅ ይደርስ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደርስም አልኳቸው። «እንግዲያው ከአለቃው ጋር አገናኘኝ» አሉ።

አለቃ ከየት ላምጣ? ስልኩን ለዘበኛው ሰጠሁት። ጋሽ በድሉ በአማርኛ፣ እሱ በአገሩ ቋንቋ፣ እየተቀባበሉ ብዙ አወሩ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዘበኛው ስልኬን መለሰልኝ፤ የራሱን ወንበር አምጥቶ ጥላው ውስጥ አስቀመጠኝ፤ ሻይም አስመጣልኝ።

ካርዴ እስከ ሰኞ እንደታሰረች ቆየች። እኔ ግን ያኑ ዕለት በዋስ ወጣሁ።