የከፍያለው ጃፓንኛ ሕመም

ክቡር ሰው ክቡር በሽታ ያምርበታል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ ይኖር የነበረው ወገናችን ይህን ሕግ ማንም ሳያስገድደው ያከብር ነበር። ስኳር ላለበት ሰው ወንበር ይለቀቃል። ደም ብዛት ያለበት ሲናገር አይቋረጥም። ኮሌስትሮል ደግሞ ቤት ለገዙ ብቻ የተፈቀደ ነበር። ትል ግን ማዕረግ የለውም።

ስለዚህ በከፍያለው ላይ የወረደው መከራ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አልነበረም። ከፍያለው በዳላስ አጠገብ ባለችው ከተማ በሳክሲ ቤት ገዝቷል፤ ኤርፖርት ውስጥ የሹፌሮች ሱፐርቫይዘር ነው። ከቧንቧ ውኃ በቀር ሌላ ውኃ ገላውን ነክቶት እንደማያውቅ በየሰርጉና በየለቅሶው ሲናገር ኖሯል። በሱዳን በኩል በእግሩ እንደ ወጣ የሚያውቁ ሁሉ፣ በመንገድ ያሉትን ወንዞች እንዴት እንዳለፋቸው እንዳይጠይቁት ጨዋነት ይዟቸው ነበር።

ሆዱን ሲያመው ከርሞ ዶክተር ሊን ዘንድ ሄደ። ዶክተሩ ምርመራውን አይቶ ቢልሃርዚያ መሆኑን ነገረው፤ ትሉ ወንዝ ሲሻገር በቆዳው በኩል እንደ ገባ፣ በአንድ ቀን ኪኒን እንደሚድንም አስረዳው። ከፍያለው መዳኑ አላስደሰተውም። ያስጨነቀው ስሙ ነበር። ቢልሃርዚያ ማለት ወንዝ ማለት ነው፤ ወንዝ ማለት ደግሞ የቧንቧው ታሪክ ፍጻሜ ነው።

«ዶክተር፣ ሌላ ስም የለውም?» አለ።

ዶክተር ሊን የዕውቀት ጥማት መስሎት ደስ አለው። በተወለደበት በቻይና ሹዌሺቾንግ እንደሚባል ነገረው። ከፍያለው ትርጉሙን ጠየቀ። ደም መጣጭ ትል ማለት ነው ተባለ። ይህ ከቢልሃርዚያም የባሰ ነው። ዶክተሩ ጃፓን አገር ሲማር ደግሞ ጁኬትሱ ክዩቹ ይሉት እንደ ነበር ጨመረለት። የዚህኛውን ትርጉም ከፍያለው አልጠየቀም። አስተዋይ ሰው መጠየቅ የሚያቆምበትን ቦታ ያውቃል።

እስከ ቤቱ ድረስ እየነዳ ስሙን አጠናው። የመኪና ስም ይመስላል፤ ያውም የቆዳ ወንበር ያለው።

ሚስቱ ስርጉት ምን እንደ ተባለ ስትጠይቀው፣ «ጁኬትሱ ክዩቹ ነው፤ የጃፓን ነው» ብቻ አላት። እሷም ይህንኑ ኮል ላደረገችላት ለቤተ ክርስቲያን ወዳጇ ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ነገረች። ወይዘሮዋ ጃፓኖች በአቅራቢያቸው ፍሪስኮ ከተማ ቢሮ ሊከፍቱ ነው ሲባል ሰምታ ስለ ነበር፣ ስሙ የኩባንያው መሰላት።

«ኦኬ፣ ሶ ያዘው ማለት ነው?» አለች።

«አዎ፣ ይዞታል» አለች ስርጉት በሐዘን።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ከፍያለው የጃፓን ኩባንያ ኃላፊ ሆኗል የሚል ወሬ ቀድሞ ጠበቀው። ሰዉ እየተሰለፈ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ጓደኛው ማኑሄ፣ በአንድ ትልቅ ኩባንያ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነው፣ ሥራው ይከብድ እንደሆነ ጠየቀው።

«ውስጥ ለውስጥ ነው» አለ ከፍያለው።

«ኃላፊነቱስ እስከ የት ነው?»

«እስከ ጉበት ይደርሳል።»

ማኑሄ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። እንግዲህ ይፈረድ፤ ከፍያለው አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም። ኪኒኑን ዋጠ፤ ትሎቹ አለቁ፤ ሹመቱ ግን ከሳምንት ሳምንት እየወፈረ ሄደ። እሱም እየተመቸው መጣ። ክራባት ማሰር ጀመረ።

በዚህ መካከል የአካባቢው ወገኖቻችን ማኅበር ምርጫ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አቶ ግዛቸው ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አንድ ጊዜም ከወንበሩ ያልተነሣ ትጉህ ሰው ነው። ምርጫ በተነሣ ቁጥር የሻይ ዕረፍት ያውጃል፤ ከሻይ በኋላ ጉባኤው ይበተናል። ዘንድሮ ግን አባላቱ ከጃፓኖች ጋር የሚሠራ ሰው ያሻናል ብለው ከፍያለውን ጠቆሙ።

ጉባኤው አርሊንግተን በተከራዩት አዳራሽ ተሰበሰበ። ማኑሄ ወዳጁን ለማክበር ሲል ከመሥሪያ ቤቱ ሚስተር ሞሪታ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ይዞ መጣ። በሰው ሁሉ ፊት ከፍያለውን አስተዋወቀው፤ ይህ ሰው ጁኬትሱ ክዩቹ ውስጥ ትልቅ ቦታ እንዳለው በኩራት ነገረው። ሚስተር ሞሪታ ጥቂት አሰበ። አያቶቹ ትሉ በሚራባበት የማሳ ውኃ ውስጥ ቆመው ሩዝ የሚያርሱ ገበሬዎች ስለ ነበሩ ቃሉን ያውቀዋል። ከዚያ የከፍያለውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «መድኃኒት ጀምረሃል?» ሲል ጠየቀው።

ማኑሄ ግራ ገባው። ሚስተር ሞሪታም ቃሉ ደም ውስጥ የሚኖር መጣጭ ትል ማለት እንደሆነ በትሕትና አብራራ፤ ማኑሄም በስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ልማድ ሆኖበት ጮክ ብሎ ተረጎመው።

ስርጉት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። ከፍያለው መሸሽ አሰበ፤ ግን በሩ ሩቅ ሆነበት። በመጨረሻ ክራባቱን ላላ አደረገና፣ «እውነት ነው። ወንዝ ተሻግሬ ነው የያዘኝ፤ እስከ ደረቴ ገብቼ። አሁን ግን ድኛለሁ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ግማሹ አዳራሽ ያንኑ ወንዝ ተሻግሮ ነው የመጣው። ብዙዎች ቀስ ብለው ሆዳቸውን ዳሰሱ፤ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የዶክተሩን አድራሻ ከስርጉት በሹክሹክታ ተቀበለች።

የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ኃይለ መስቀል በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። እንግዳውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ አሉት ማኑሄን። «ይኼ ነገር፣ በራሱ ጊዜ ይወጣል ወይ?»

ሚስተር ሞሪታ አሰበና መለሰ። ማኑሄም ቃል ሳያጎድል ተረጎመ።

«አይወጣም ይላል፣ ጋሼ። ካላስወጡት እዚያው ተመችቶት ብዙ ዓመት ይቀመጣል።»

አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አቶ ግዛቸውን ተመለከተ። አቶ ግዛቸው የሻይ ዕረፍት ሊያውጅ አፉን ከፈተ፤ ግን አባላቱ ቀድመው ለምርጫው እጃቸውን አወጡ።

ከፍያለው ታክሞ የዳነ ብቸኛው ዕጩ በመሆኑ በሰፊ ድምፅ ተመረጠ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጀርባው ለስላሳ፣ ክንዱ ሰፊ ሆኖ አገኘው። ግራና ቀኝ ተመቻቸና የመጀመሪያ ንግግሩን አደረገ፤ የሊቀመንበር የሥራ ዘመን እጅግ አጭር እንደሆነ፣ መራዘም እንዳለበትም አጥብቆ አሳሰበ።