ለባለትዳር ብቻ የሚከራይ ክፍል

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሰላ ውስጥ፣ በደላላ በኩል በተከራየሁት ክፍል በር ላይ ዕቃ የጫኑ ሁለት ጋሪዎች ቆሙ። አንዱ የእኔ ነው። ሌላውን ያስጫነችው ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ነርስ ናት።

የቤት ደላላ ሥራው ቤት ማገናኘት ብቻ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ዜና ስጽፍ ወሬውን ከሁለት ሰው አጣራለሁ፤ ቤት ስከራይ ግን ያመንኩት ደላላውን ገመቹን ብቻ ነው።

አከራይዋ አዴ ጫልቱ በሩን ከፍተው ጋሪዎቹን አዩ።

"ባልና ሚስት ዕቃ ለየብቻ ትጭናላችሁ እንዴ? ገና ሳትገቡ ተጣላችሁ?"

"የምን ባል?" አለች ነርሷ።

ከጋሪዎቹ አጠገብ ወደቆመው ገመቹ ዞርኩ። እሱ የጋሪውን ፈረስ ያያል።

"አቦ፣ እሳቸው ለላጤ አላከራይም አሉ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንተ ላጤ፣ እሷ ላጤ። ታዲያ ምን ላድርግ?"

ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩት። ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልለየሁም። የለቀቅኩት ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ የነርሷም እንደዚሁ።

"አዴ፣ እኛ አልተጋባንም" አልኩ።

"እንግዲያው ሳትጋቡ አትገቡም!" አሉና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። በጭላሎ ተራራ በኩል ጠቁሯል። "ዕቃው ግን ምን አጠፋ? አስገቡት።"

ዝናቡ አራት ሰዓት ላይ ጀመረ። ሁለቱ ፍራሾች ክፍሉ ውስጥ፣ እኔና ነርሷ በረንዳው ላይ ነበርን።