ቁልፎቹ የተጫኑኝ ቀን

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም እንዳልኩ ሕልም አየሁ። ሕልም ስላችሁ እናንተ የምታዩት ዓይነት፣ ጥርስ የሚወልቅበት ምናምን አይደለም። የእኔን ሕልም ሌላ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሆስፒታል ነበር።

መጀመሪያ ግን ማን እንደሆንኩ እወቁ። ዘርጋው ቢረሳው እባላለሁ። ሥራዬ የሞባይል አፕሊኬሽን መሞከር ነው፤ በእጄ እየነካካሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምሠራው የማይታይ ጣት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ ጣቱ ራሱ አፕሊኬሽኑን ከፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ፣ ባዶውን ሳጥን እየሞላ፣ "ይህን ስነካ ይህ መምጣት ነበረበት፤ መጣ ወይስ አልመጣም?" ብሎ ይፈርዳል። ልክ ከሆነ አረንጓዴ ይበራል፣ ካልሆነ ቀይ። በዚህ ሥራ ከእኔ የሚስተካከል ሰው በአህጉሩ የለም፤ ከአህጉሩ ውጭም ገና እያጣራሁ ነው።

ሰሞኑን የምሞክረው የሰፈራችንን እድር አፕሊኬሽን ነበር። ሰው ሲሞት ጋሽ ጫንያለው ጡሩንባ እየነፉ በየመንደሩ ከሚዞሩ፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ለአባላቱ በሙሉ በየስልካቸው መርዶ ይላካል። ጋሽ ጫንያለው "ስልክ ሳንባ የለውም" ብለው አኩርፈዋል። እሁድ ጉባኤው ፊት ሊቀርብ ነው፤ እኔም በአደባባይ "አንዲት ስህተት ቢገኝበት ዘርጋው አትበሉኝ" ብያለሁ።

ለዚሁ ሥራ አንድ የሙከራ ስልክ አለኝ። ከራሴ ስልክ ጋር መንታ ነው፤ አፕሊኬሽኑ በሁለቱም ላይ አለ፤ የሙከራው ውስጥ ያሉት የእድር አባላት ግን በሙሉ የፈጠራ ናቸው። ትእዛዙን ስጽፍ "የሟች ስም" የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ እጄ ተያዘ። የማንን ስም ልጻፍ? በቁሙ ያለን ሰው ሟች ብሎ መጻፍ ሟርት ነው። ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ፤ ያውም አሳምሬ። ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ፣ ጣቱን ሥራ ጀምር አልኩትና ጋደም አልኩ።

እንግዲህ በሕልሜ መንገድ ላይ ነኝ። ፀሐይዋ አስፋልቱ ላይ ወድቃ ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ ይሻገራታል። አንዲት ሚኒባስ እያለከለከች ከኋላዬ ደረሰች።

"ወንድም፣ ወደ አያት ነህ? ጀርባህ ላይ ቦታ አለ?"

"ሞልቻለሁ" አልኳት።

"ጠጋ ጠጋ በል እንጂ! ሁሉም እኮ መንገደኛ ነው!" ብላ ወጣችብኝ። ተሸክሜያት ሮጥኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ወገቡ ይቆረጥ ነበር፤ እኔ ግን ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ነው የወጣሁት። ጫፍ ላይ ስደርስ "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች። ወርዳ ሄደች፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላለችም።

እዚያ አካባቢ ስልኮች ሁለት ሁለት ሆነው ይንሸራሸራሉ፤ እያንዳንዱ ስልክ በመዳፉ አንዳንድ ሰው ይዟል።

"የእኔ ሰውዬ እኮ በቀን ሦስት ጊዜ ካልበላ ይጠፋል" ትላለች አንዷ።

"የእኔማ ሌላ ሰው ሲያናግረው ይግላል" ትላለች ጓደኛዋ።

አንድ ጎልማሳ አፉ ውስጥ ማንኪያ ተሰክቶበት ግድግዳ ሥር ቆሟል፤ ቻርጅ ላይ ነው። ሰላም ልለው ስል በር የሚያክል ስልክ ከወገቤ ብድግ አደረገኝ። "ይሄ ገና አልተሞከረም" ብሎ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጣለኝ።

አዳራሹ ውስጥ ቁልፎች ሱፍ ለብሰው ተቀምጠዋል። መሀል ላይ ቀዩ "ሰርዝ" አለ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ የበሰለ ሰውዬ ነው። በግራው አረንጓዴው "እሺ"፣ በቀኙ ደግሞ መቀመጥ የማይሆንለት "ላክ"። ጥግ ላይ አንድ ጡሩንባ ቆሟል። ጡሩንባው ጋሽ ጫንያለውን አፉ ላይ ደግኖ በእግራቸው በኩል ይነፋቸዋል።

"ሰው ይመስላል" አለ ላክ። "ልላከው?"

"እሺ" አለ እሺ።

"ሳይሞከር?" ብሎ ሰርዝ ጠረጴዛውን መታ። "ወይ ሦስቱንም ፈተና ያልፋል፣ ወይ እሰርዘዋለሁ። አንደኛ! አፍንጫው ሲነካ ማስነጠስ አለበት።"

ከጣሪያው አራት ማዕዘን ጣት ወርዶ አፍንጫዬን ተጫነ። አስነጠስኩ። እንደዚያ ያለ ማስነጠስ ምድር ሰምታ አታውቅም፤ መስኮቶቹ ተነስተው ወጡና ሌላ ሕንፃ ላይ ተቀጠሩ። ግንባሬ ላይ አረንጓዴ በራ።

"ሁለተኛ! ሲጋደም ፊቱ ወደ ላይ መዞር አለበት።"

በጎኔ አስተኙኝ። ፊቴ አልዞረም።

"ተጣብቋል!" አለ ሰርዝ።

"አጥፍታችሁ አብሩትና እንደገና ሞክሩት" አለ ላክ። ነቀነቁኝ፣ አገላበጡኝ፤ በመጨረሻ አንገቴ ቀጭ አለና ፊቴ ዞረ።

"ሲደጋገም ከሠራ ልክ ነው" አለ እሺ። ይህቺን አባባል ደንግጬ ሰማኋት፤ በሥራ ቦታ የማዘወትራት የራሴው ናት።

"ሦስተኛውና የመጨረሻው! ስሙን ይናገራል፤ ድምፁ እዚህ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ስሙን ብቻ።"

ሳጥኗ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሳቄ መጣ። ይሄ ደግሞ ፈተና ሆኖ! ጉሮሮዬን ጠረግኩና "ታላቁ የዘመናችን ጠቢብ..." ስል ሳጥኗ ተሰነጠቀች። ቀይ በራ፤ ጫማዬ ከነእግሬ ጠፋ።

"ስም ብቻ!" አለ ሰርዝ ከወንበሩ እየተነሳ።

"ይቅርታ፣ አሳጥረዋለሁ፤ የሞካሪዎች ሁሉ አለቃ..." ሳጥኗ ፈነዳች። ሌላ አመጡ። ጉልበቴ ጠፋ።

"ጌታዬ፣ ቢያንስ 'አቶ' አትገባም?"

"አትገባም!"

ሆዴ ጠፋ። ያን የመሰለ፣ ስንት ድግስ የተመሰከረለት ሆድ! ሰርዝ እየቀረበ ሲመጣ እየገዘፈ ሄደ። ደረቴ ጠፋ፤ ዓይኔም ጨለመ። ያኔ ባለቤቴ እልፍነሽ ትዝ አለችኝ። ገበያ ወጥታለች፤ ስትመለስ ሶፋው ላይ ትራሱን ብቻ ልታገኝ ነው። ከእኔ የቀረው አፌ ብቻ ነበር።

"ዘርጋው" አልኩ።

ቃሏ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ክዳኑን ከላይዋ ዘጋች። እግሬ መጣ፣ ጉልበቴ መጣ፣ ሆዴ ሳይጎድል መጣ። ከተወለድኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፤ ያቺን ሚኒባስ አግኝቻት ቢሆን ኖሮ እስከ አያት ደርሶ መልስ በነፃ በወሰድኳት።

"ገባ እኮ! አሁን ልላከው?" አለ ላክ።

"እሺ" አለ እሺ።

ላክ ዘሎ ግንባሬን ተጫነ፤ ጡሩንባውም ጋሽ ጫንያለውን ባለ በሌለ ኃይሉ ሲነፋቸው ነቃሁ።

ጡሩንባው አሁንም ይጮሃል። ጋሽ ጫንያለው በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ጆሮዬ ላይ እየነፉ ነው። ከኋላቸው ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኗል፤ ጎረምሶች የድንኳን ብረት ተሸክመዋል። እልፍነሽ ሶፋው አጠገብ በአንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ቆማለች።

"ተነሳ! ሰውዬው ተነሳ እኮ!" አሉ ጋሽ ጫንያለው ጡሩንባውን አውርደው። ከግቢው "ተመስገን!" የሚል ድምፅ ጎረፈ።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

"አንተ ነሃ!" አለች እልፍነሽ ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደግና። "ሽንኩርት ሳስመዝን ነው የደረሰኝ፤ ከገዛ ስልክህ! 'ታላቁ የዘመናችን ጠቢብ፣ የሞካሪዎች ሁሉ አለቃ አቶ ዘርጋው ቢረሳው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።' ለእድሩ በሙሉ ነው የላክኸው!"

ወደ ጠረጴዛው ዞር አልኩ። ገመዱ የተሰካው በራሴ ስልክ ላይ ነበር። የሙከራው ስልክ ትራሴ ሥር ተኝቷል። ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴው እንደ መስከረም መስክ ለምልሟል፤ "መልእክቱ ለአባላት በሙሉ ደርሷል።"

"አንቺም አመንሽ?"

"'ታላቁ ጠቢብ' ሲል ማን እንደጻፈው ገብቶኛል። ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ። ስገባ ተዘርረሃል፤ ብጠራህ አትሰማ፣ ብነቀንቅህ አትነቃ። 'ጋሽ ጫንያለው፣ ጆሮው ላይ ይንፉበት፤ ካልተነሳ ያኔ አለቅሳለሁ' አልኳቸው።" ይህን ብላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ካልተነሳ ብላ ያቆየችውን እንባ ሁሉ ከተነሳሁ በኋላ አፈሰሰችው። ውጭ ጎረምሶቹ እየሳቁ የድንኳኑን ብረት ሊመልሱ ማንሳት ጀመሩ።

"ለመሆኑ ደህና ነህ?" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። "አእምሮህ ቦታው ላይ ነው? እስቲ ስምህን ንገረኝ።"

"ዘርጋው።"

ጠበቀች። በመስኮቱ በኩል ጋሽ ጫንያለውም ጠበቁ።

"ብቻ?"

"ዘርጋው ብቻ።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ከሶፋው ተስፈንጥራ ወደ መስኮቱ ሮጠች።

"ጋሽ ጫንያለው! ድንኳኑን እንዳይመልሱት! ሰውዬው ደህና አይደለም!"