ክብርት የቡድን መሪያችን ቀመሪያ

በኢንተርኔት የሚማር ሰው ሁሉ ሁለት አስተማሪ አለው። አንዱን ኮሌጁ ይቀጥርለታል፤ ሁለተኛዋ ራሷን በራሷ ትሾማለች። የምትሾመውም መምህሩ «በአራት በአራት ሆናችሁ ሥሩ» ብሎ አፉን ሳይዘጋ ነው። ሌሎቻችን ማን ከማን እንደተመደበ ሳንለይ እሷ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታ፣ ስም አውጥታለት፣ «ሰላም ናችሁ? ሥራ እንጀምር» ብላ ጽፋለች።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቀመሪያ ትባላለች። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር መጋረጃ ትሸጣለች። እኔ መዝገቡ፣ ጡረታ ደጁ ላይ የቆመበት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ብስራተ ገብርኤል ቤቴ ቁጭ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልኬ የንግድ አስተዳደር እማራለሁ። ሦስተኛዋ ዶርቃ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት። አራተኛው ሁንዴሳ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ይኖራል፤ ይህን ትምህርት አንዴ ወድቋል፣ ደግሞ ከወደቀ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው የትምህርት ዕድል ይቀርበታል።

እኔ የቡድን ሥራ የማውቀው እንደ ቅርጫ ነው። በሬው ይታረዳል፣ መደቡ ይወጣል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ይህንኑ ጽፌ ብልክ ቀመሪያ ወዲያው ደወለች።

«ጋሼ፣ ቅርጫ የለም። የራስዎን ይጽፋሉ፤ ከዚያ የዶርቃን አንብበው ለእኔ ያስረዱኛል።»

«የዶርቃን ዶርቃ አታስረዳም?»

«እሷማ የእርስዎን ነው የምታስረዳው።»

ሰላሜ ያኔ ተወሰደ። የአውራ ጣት ምልክት ልኬ የማመልጥ መስሎኝ ነበር፤ «አውራ ጣት መልስ አይደለም» የሚል የድምፅ መልእክት መጣልኝ። አንድ ቀን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጥኩ ደወለች። «ለቅሶ ላይ ነኝ» አልኳት በሹክሹክታ። ድምጿ ወዲያው አዘነ። «ውይ ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ያጽናችሁ።» ከዚያ እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዶርቃን ግን አነበቡት?»

ሁንዴሳ ከእኔም ይብስ ነበር። ስንወያይ ስሙ ይታያል፣ ድምፁ የለም። ሲጠየቅ «ኔትወርክ» ብሎ ይጽፋል። ቀመሪያ ታገሰች፣ ታገሰችና ሱቋን ለእህቷ ትታ በታክሲ ጀሞ ሄደች። የመጨረሻው ፎቅ ድረስ ወጥታ ስታንኳኳ ባለቤቱ ገዲሴ ከፈተችላት። ሁንዴሳ ላፕቶፑን ከፍቶ ያለፈውን ትምህርት በቪዲዮ ይከታተላል። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

«ሰው ሲሰማኝ ቃል ይጠፋብኛል» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ባለፈውም የወደቅኩት አቅርብ ስባል ዝም ብዬ ነው።»

ቁጣ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን «እንግዲያው ሥራውን በሙሉ መጀመሪያ ለእኔ ብቻ በድምፅ ቀድተህ ላክልኝ» አለችው። ቀጥሎ ዶርቃ እንድትሰማ አደረገች፤ ከዚያ እኔ ተጨመርኩ። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረን ራሱ ነው። እሷ ትንፍሽ አላለችም።

የማቅረቢያው ቀን ደረሰ። የመምህር ሚሳኤል ደንብ ጨካኝ ነው፤ ከቡድኑ አንዱን ጠርቶ ሥራውን በሙሉ ያስቀርበዋል፣ የእሱም ውጤት የሁሉም ይሆናል። «ወይዘሮ ቀመሪያ» ብሎ ሲጠራ ተንፈስ አልን። ከእሷ በላይ ማን ይናገራል? ቀመሪያ ስክሪኑ ላይ አፏን ከፈተች። ምንም አይሰማም።

«ማይክዎ ተዘግቷል» አለ መምህሩ። «ማይክ፣ ማይክ» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ጽሑፏ መጣ፤ «ማይኩ ክፍት ነው። የተዘጋው ጉሮሮዬ ነው።»

ስንት ወር ሙሉ ያላረፈ ድምፅ፣ ለማረፍ ይህችን ቀን መረጠ። መምህሩ ሊያልፈን ሲል ክፍሉ ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ተሰማ።

«መምህር፣ በእሷ ፋንታ እኔ ላቅርብ።» ሁንዴሳ ነበር።

«የራስዎን ድርሻ ብቻ አይደለም እኮ፤ ሁሉንም ነው።»

«አውቃለሁ።»

መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እየቆየ ረጋ። መምህሩ ተጠራጥሮ መሃል ላይ አስቆመው። «ይህን ክፍል ማን ጻፈው?»

«ጋሽ መዝገቡ።»

«እንግዲያው ዶርቃ ታስረዳኝ።» ዶርቃ የእኔን ጽሑፍ ከእኔ አሻሽላ አስረዳች። የዶርቃን ደግሞ እኔን ጠየቀኝ። አንብቤዋለሁ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ? ከክፍሉ ሁሉ የተሻለው ውጤት የእኛ ሆነ። ሁንዴሳ ማይኩን መዝጋት ረስቶ ኖሮ የገዲሴን እልልታ ክፍሉ በሙሉ ሰማ።

አዲሱ ሴሚስተር ሊጀመር ሲል ቀመሪያ፣ ድምጿ ተመልሶላት፣ ደወለች። «ጋሼ፣ ቡድን ልቀይር ነው። ጨርሶ የማይነጋገሩ ተማሪዎች አሉ፣ ያሳዝኑኛል። እናንተ እንግዲህ በራሳችሁ ትችላላችሁ።»

«ጥሩ ነው» አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ቤቱ ጭር አለብኝ። በማግስቱ መምህር ሚሳኤል ዘንድ ደወልኩ።

«ይህ ቡድን ያለ እሷ አይሆንም።»

«አቶ መዝገቡ፣ አንደኛ የወጣችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

«በአጋጣሚ ነው» አልኩት። «ሰነፎች ነን።»

ሳቀ። ሁንዴሳና ዶርቃ ቀድመውኝ ደውለው ኖሯል። ዶርቃማ ራሷን ከእኔ አብልጣ ነው ያዋረደችው። መምህሩ ነገሩን አሰበበትና ቀመሪያን ከመውሰድ ይልቅ ከዝምተኞቹ ሁለቱን እኛ ላይ ጨመረልን።

ትናንት ከአዲሶቹ አንዷ፣ እማዋይሽ የምትባል፣ ደወለችልኝ። ድምጿ ደክሟል።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ይቅርታ፣ ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ሁልጊዜ» አልኳት፣ እየኮራሁ።