ለፕላዝማው የተላኩ ሽማግሌዎች

እንደ ስንፍና ስም መቀያየር የሚያውቅ ነገር አላየሁም። አንዳንዴ "ድካም" ይባላል፣ አንዳንዴ "ብርድ ነው" ይባላል፤ መንዝ ውስጥ ደግሞ ይኼ ሁለተኛው ሰበብ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። እኔ ዘንድ ግን አንድ ሰሞን "ቴክኖሎጂ" ተብሎ መጣ። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ በዚሁ ስም አንድ ሁለት ጊዜ ሳታስተናግዱት አልቀራችሁም፤ ስለዚህ ብዙ አትሳቁብኝ።

በቴሌቪዥን የሚያስተምረው ፕላዝማ ወደ ትምህርት ቤቶች የገባ ሰሞን ነው። ከመሐል ሜዳ ብዙ በማይርቅ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ቢያንስ ደመወዜን የምቀበለው በዚያ ስም ነበር። ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ሳጥን ተሠርቶለት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ የሳጥኑ ቁልፍ እኔ ኪስ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሳጥኑን መክፈት፣ ማብራት፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ ፀሐይ መሞቅ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በጥሩ እንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ "ጎበዞች!" ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቅ። ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ይጽፋሉ፣ ጽፈው ሳይጨርሱ ሥዕሉ ይጠፋል። እኔ ግን ጠመኔ ያልነካው ኮት ለብሼ ደስ ብሎኝ ነበር። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አስካለ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። ከግሼ በኩል መጥታ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ የፊት ወንበር የማትለቅ ልጅ ናት። አንድ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም አልመጣች። ጓደኞቿን ብጠይቅ "ፕላዝማው ሮጠብኝ፣ ከእንግዲህ አልደርስበትም" ብላ ልብሷን ጠቅልላ አገሯ ገብታለች አሉኝ። እዚያ ደግሞ ልጅቱን ለልጁ የሚጠይቅ ሰው ደጅ እየጠና ነው፤ ቤት ከዋለች አባቷ እሺ ማለታቸው አይቀርም። በጣም አዘንኩ። አዝኜም ሳጥኑን ከፈትኩና መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

ሐሙስ ዕለት አባቷ አቶ ጌጡ ከሁለት የአገር ሽማግሌዎች ጋር በርኖሳቸውን ደርበው ትምህርት መሀል ክፍሉ በር ላይ ደረሱ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብላቸው ገቡ እንጂ አልተቀመጡም፤ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። ከሦስቱ በዕድሜ የገፉት ንግግሩን ጀመሩ። ልጅቱ ያጠፋችው ካለ ይቅር እንዲባልላት፣ መምህሩም ጥቂት ታግሰው ቃሉን ቀስ እንዲያደርጉላት ለመኑ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

ሳቄ መጣ። ዋጥ አድርጌ ማስረዳት ያዝኩ፤ ሰውየው እዚህ እንደሌለ፣ ትምህርቱ አስቀድሞ ተቀርጾ በሳተላይት እንደሚላክ፣ ቢለምኑት ቢያለቅሱለት እንደማይሰማ በምሳሌ ጭምር ዘረዘርኩ። በዚያ ዓመት ያስተማርኩት ረጅሙ ትምህርት ይኸው ነበር።

አቶ ጌጡ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

"እሱስ እንደማይሰማ እናውቃለን፣ መምህር" አሉ። "ሬዲዮ ቤታችን አለ። እኛ የመጣነው የሚሰማ ሰው ፍለጋ ነው። አንቱ ይሰማሉ ብለን ነው።"

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማንም አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። "እሺ" አልኳቸው፤ ያኔ ተቀመጡ።

አስካለ በሰኞው መጣች። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ ከጎረቤት ክፍል ጠመኔ ተበድሬ የዕለቱን ትምህርት በአማርኛ እንደገና ጀመርኩ። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይታጠፋል አልኩ፤ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ እንዳለው አንድም ሳላጎድል። አስካለ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ የኛ አህያ ዳገት ላይ ቀስ ስትል መንገዷን አትለቅም። ብርሃኑ ለምን ለቀቀ?"

ሰሌዳውን አየሁ። ጠመኔውን አየሁ። የጠፋውን ቴሌቪዥን ሳይቀር ዞሬ አየሁት። ለካ ያ ሰውዬ የሮጠው በእሷ ላይ ብቻ አልነበረም፤ እኔንም መስኮቱ ጋ ጥሎኝ ሄዷል።

"አላውቅም" አልኳት። "ነገ እነግርሻለሁ።"

ተማሪ ፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። አፈርኩ፤ ከማፈሬ በላይ ግን ፈራሁ። የማያውቅ መምህር ጋ ምን አስቀመጠኝ ብላ ዳግመኛ አገሯ ብትገባስ? ሽማግሌዎቹን ምን እላቸዋለሁ?

በማግስቱ መልሱን በወረቀት ይዤ ማንም ሳይመጣ ልደርስ ገሠገሥኩ። አስካለ ደብተሯን ታቅፋ ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ቆማለች።